ላሟ በማን ስም ናት? ወተቷንስ ማን ይጠጣል?

የኩባንያዎች እውነተኛ ባለቤት ፍለጋ ታሪክና የህብረት ሥራ ማህበራት

ርቢ የሚባለውን ልማድ የማያውቅ አርሶ አደር ብዙም አይገኝም። ከብት የበዛለት ወይም የግጦሽ መሬት ያጠረው ሰው ላሙን ለዘመዱ ወይም ለጎረቤቱ በርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ይጠብቃታል፣ ያልባታል፣ ጥጃውን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። መንገደኛ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ላሟን የግቢው ባለቤት ንብረት አድርጎ ቢያያት አይፈረድበትም። የሰፈሩ ሰው ግን የማን እንደሆነችና የትኛው ጥጃ ለማን እንደሚደርስ ጠንቅቆ ያውቃል። ላሟ የሰው ሰብል ብትበላ ሽማግሌ ማንን መጥራት እንዳለበት አይጠፋውም።

በንግዱ ዓለም ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ የሚገዛ ኩባንያ ማህተምና ንግድ ፈቃድ ይዞ ይመጣል፤ ሥራ አስኪያጁም ይፈርማል። ከሥራ አስኪያጁ በስተጀርባ ትርፉን የሚወስደውና የመጨረሻውን ትዕዛዝ የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ግን በወረቀቱ ላይ ላይገኝ ይችላል። ይህ ሰው በሕግና በባንክ ቋንቋ የመጨረሻ ተጠቃሚ ባለቤት ይባላል። ሁልጊዜም የተፈጥሮ ሰው ነው፤ ሌላ ኩባንያ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ኩባንያ ወተት አይጠጣም። ይህን ሰው ለይቶ ማወቅና ሲለወጥ መከታተል መንግሥታትን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ህብረት ሥራ ማህበራትንም በቅርብ ይመለከታል።

ጫማ ሰሪው ሰሎሞንና ሰባቱ ስሞች

የታሪኩን መነሻ ለማግኘት ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ ያስፈልጋል። በለንደን ከተማ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር አሮን ሰሎሞን የተባለ ቆዳ ነጋዴና ጫማ ሰሪ ነበር። ሥራው ለብዙ ዓመታት ሰምሮለት ወንዶች ልጆቹም አብረውት ይሠሩ ነበር። በ1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1892) ሥራውን ወደ ኩባንያ ለወጠው። የዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ኩባንያ ለማቋቋም ቢያንስ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሰሎሞን ሚስቱን፣ ሴት ልጁንና አራት ወንዶች ልጆቹን አስመዘገበ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አክሲዮን ያዙ። እርሱ ራሱ 20,001 አክሲዮን ያዘ። ጠቅላላው 20,007 ነበር። በወረቀት ላይ ሰባት ባለቤቶች አሉ፤ እውነቱን ለተመለከተ ግን ባለቤቱ አንድ ሰው ነው።

ከዚህም ሌላ ሰሎሞን ንግዱን ለራሱ ኩባንያ ሲሸጥ ከዋጋው ውስጥ 10,000 ፓውንዱን በዋስትና የተያዘ ዕዳ አድርጎ አስመዘገበ። ይህም ማለት ኩባንያው ቢወድቅ ከሌሎች አበዳሪዎች ሁሉ ቀድሞ የሚከፈለው ለእርሱ ነው ማለት ነው። ዓመት እንዳለፈው በጫማው ሥራ ላይ አድማ ተነሳ፤ ገበያውም ተበላሸ፤ ኩባንያው ከሰረ። በዱቤ የሸጡለት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ሲጠይቁ የቀረው ንብረት በዋስትና ለተያዘው ዕዳ እንጂ ለእነርሱ የሚተርፍ አልነበረም።

ጉዳዩ ከታች ካሉት ፍርድ ቤቶች ተነስቶ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ስድስቱ የቤተሰብ አባላት ለስም ብቻ የገቡ ናቸው፣ ስለዚህ ሰሎሞን ዕዳውን ሊሸከም ይገባል ብለው ነበር። የጌቶች ምክር ቤት ግን በኅዳር 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1896)፣ ማለትም ከአድዋ ድል ስምንት ወር በኋላ፣ ይህን ሽሮ ኩባንያው ከሰሎሞን የተለየ በራሱ የቆመ ሰው ነው፣ ዕዳውም የኩባንያው እንጂ የሰሎሞን አይደለም ሲል ፈረደ። ዛሬ በብዙ አገሮች የኩባንያ ሕግ ትምህርት የሚጀመረው ከዚህ ፍርድ ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። ሰሎሞን አጭበርባሪ ነበር ለማለት አይቻልም። ኩባንያውን ለማዳን የራሱን ዋስትና ለሌላ አበዳሪ አሳልፎ ሰጥቶ ገንዘብ ያስገባ ሰው ነው፤ የመጨረሻውን ይግባኝ ሲያቀርብም ክፍያ ለመክፈል አቅም ያጣ ድሃ ሆኖ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ የተናገሩት ነጥብ ለዱቤ ሻጭ ሁሉ ይጠቅማል። አባላቱም ሆኑ በዋስትና የተያዘው ዕዳ በመዝገብ ላይ ነበሩ፤ ሻጮቹ ሄደው ቢያዩ ኖሮ ማወቅ ይችሉ ነበር፤ ሳያዩ ከሸጡ ጥፋቱ የራሳቸው ነው የሚል ነበር።

እንግዲህ ይህ ክርክር የቆመው መዝገቡ እውነቱን ይናገራል በሚል እምነት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ በአብዛኛው መዝገቡ እውነቱን እንዳይናገር የተደረገበት ታሪክ ነው።

ስም የሌለበት ወረቀት

ለመደበቅ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች ቀላሉ ለአምጪው የሚወጣ አክሲዮን ነው። በዚህ ዓይነቱ አክሲዮን ላይ የባለቤት ስም አይጻፍም። እንደ ብር ኖት ነው፤ የያዘው ሰው ባለቤቱ እርሱ ነው። ዛሬ በአንዱ ኪስ ያለው ነገ በሌላው ኪስ ቢገኝ የሚመዘግበው የለም። ፓናማ በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) ባወጣችው የኩባንያ ሕግ ይህን ፈቀደች፤ ባለቤታቸውን መደበቅ ለሚፈልጉ ሁሉ መጠጊያም ሆነች።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አክሲዮን በስም ወይም ለአምጪው ሊወጣ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በተግባር ብዙ ባይሠራበትም ድንጋጌው ለስልሳ ዓመት ያህል በመጽሐፉ ውስጥ ቆይቷል። የዚያው ሕግ ሌላ ድንጋጌ ግን በሰፊው ሠርቷል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ብቻውን መነገድ የፈለገ ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን ጥቂት አክሲዮን አስይዞ ማስመዝገብ የተለመደ ነገር ሆነ። የለንደኑ ጫማ ሰሪ ዘዴ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ሲሠራበት ኖረ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አክሲዮኖች በስም እንዲመዘገቡ አደረገ። አንድ ሰው ብቻውንም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ለስም ብቻ የሚጠሩ አባላት አስፈላጊነትም በዚህ ቀረ።

ባለቤቱ አርሶ አደሩ፣ አዛዡ ሌላ

ስለ እውነተኛ ባለቤት ሲነሳ አብዛኛው ሰው ስለ ሀብታም ኩባንያዎች ብቻ ያስባል። የአገራችን የህብረት ሥራ ታሪክ ግን ነገሩ በአርሶ አደሩም ቤት የደረሰ መሆኑን ያሳያል። ጉዳዩ በዕድሜ የገፉ አባላት በዓይናቸው ያዩት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል።

ዘመናዊ የህብረት ሥራ ሕግ ወደ አገራችን የገባው በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 241 ማህበራትን ቢፈቅድም መሬቱ የባለርስትና የባለጉልት በነበረበት ዘመን ጭሰኛው ምን ይዞ አባል ይሁን? ስለዚህ ብዙም ሳይስፋፋ ቀረ። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማህበራት ተቋቋሙ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 138 የህብረት ሥራ ማህበራትን የሚመለከት ሕግ ሆኖ ወጣ። አገልግሎት ሰጪ ማህበራት ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅና ማዳበሪያ በማቅረብ ገጠሩን አገልግለዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። የአምራች ማህበራቱ ጉዳይ ግን የተለየ ነበር።

በሰኔ 1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ አምራቾችን በሦስት ደረጃ ከፈለ። በመልባ ደረጃ ከጥቂት የጓሮ መሬት በቀር እርሻው የጋራ ይሆናል፣ በሬና ማረሻው ግን የግል ሆኖ ይቆያል። በወልባ ደረጃ በሬውም ማረሻውም ወደ ማህበሩ ይገባል። ወላንድ ደግሞ ወልባዎች ተዋህደው የሚፈጥሩት ትልቅ ማህበር ነው። በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ አባሉ አርሶ አደር ነው። ስብሰባ አለ፣ ሊቀመንበር አለ፣ ድምፅ ይሰጣል።

ወተቷን የሚጠጣው ማን እንደነበር የሚታየው ግን በመኸር ጊዜ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን የሚገዛው መንግሥት በወሰነው ዋጋ ሲሆን፣ ይህም ከገበያው ዋጋ በጣም ያነሰ ነበር። ኮታው ከላይ ወርዶ በየገበሬ ማህበሩ ይደለደላል። ምርቱ ያልደረሰለት አርሶ አደር ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ በርካታ ነው። የማህበሩ ስምና ማህተም የአርሶ አደሩ ነበሩ፤ ምን እንደሚመረት፣ ለማን እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ግን ሌላ አካል ነው። የዛሬው የገንዘብ ሕግ አክሲዮን ባይኖረውም እንኳ የመጨረሻውን ቁጥጥር የያዘውን ሰው እውነተኛ ባለቤት ይለዋል። በዚህ መስፈርት ቢለካ የዚያ ዘመን አርሶ አደር በማህበሩ ላይ የነበረው ባለቤትነት ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና ከአምራች ማህበራት መውጣት ሲፈቀድ የሆነው ነገር ከማንኛውም ጥናት በላይ ይናገራል። ማህበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱን ተከፋፈሉ፤ በሬያቸውን ፈትተው ወደ ቤታቸው ነዱ። ዓመት ቆይቶ መንግሥት ሲለወጥ የብዙ አገልግሎት ሰጪ ማህበራት መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ፤ ዘራፊዎቹ ከሩቅ የመጡ ብቻ አልነበሩም። የራሱ መስሎ ያልተሰማውን መጋዘን ማን ይጠብቃል? ከዚያ በኋላ ማህበር የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ቀበሌዎች ለዓመታት የሚያስፈራ ሆኖ ቆየ። የልማት ሠራተኞች አዲስ ማህበር ለማደራጀት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ጥያቄ በሬያችንን ልትወስዱ ነው ወይ የሚል እንደነበር በዚያ ሥራ ላይ የነበሩ ሁሉ ያስታውሱታል።

በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ይህን ቁስል አይቶ የወጣ ሕግ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። አባልነት በፈቃደኝነት ሆነ። አንድ አባል ምንም ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። ማንም አባል ከጠቅላላው የተከፈለ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም ተባለ። ይህች የመጨረሻዋ ድንጋጌ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን አንድ ባለገንዘብ ማህበሩን ጠቅልሎ እንዳይገዛ በሩን የዘጋችው እርሷ ናት። በዚያው ዓመት 34 መሠረታዊ ማህበራት ተሰባስበው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ህብረት ሥራ ዩኒየንን መሠረቱ፤ በሌሎች ክልሎችም ዩኒየኖች ተከተሉ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ቀዳሚውን ተካ።

ሕጉ በሩን ቢዘጋም መስኮት አይጠፋም። አባል ያልሆነ ነጋዴ ምርቱን በአባል ስም ለማህበሩ አስረክቦ የአባሉን የትርፍ ክፍያ ሲወስድ፣ በደብተሩ ላይ ያለው ስምና ገንዘቡን የበላው ሰው ተለያዩ ማለት ነው። የሞተ አባል ስሙ ሳይሰረዝ፣ ወራሹ ሳይመዘገብ ለዓመታት ሲቆይም እንዲሁ ነው። ከለንደን እስከ ፓናማ የተወራለት ችግር በአንድ መሠረታዊ ማህበር የአባላት መዝገብ ላይ በትንሹ ይታያል።

የዶሮ ሌባው ባለቤት

በውጭው ዓለም ጉዳዩ የመንግሥታት አጀንዳ የሆነው በአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ ምክንያት ነው። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) ሰባቱ በኢንዱስትሪ የበለፀጉ አገሮች በፓሪስ ባደረጉት ጉባኤ ፋትፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ግብረ ኃይሉ አገሮች የኩባንያዎችን የመጨረሻ ባለቤት እንዲለዩ ያሳስባል፤ በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022) ይህን መስፈርት ይበልጥ አጠበቀው፤ አዲስ ለአምጪው የሚወጣ አክሲዮንም እንዲከለከል ጠየቀ።

ሕዝብ ጉዳዩን የሰማው ግን በመጋቢት 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሞሳክ ፎንሴካ ከተባለ የፓናማ የሕግ ቢሮ የወጡ 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች በጋዜጠኞች ታተሙ። ከ214,000 በላይ ድርጅቶች ተዘርዝረውበታል። የመሪዎች፣ የዘመዶቻቸውና የታዋቂ ሰዎች ስም ወጣ፤ የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ቢሮውም ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት፣ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ እንግሊዝ እያንዳንዱ ኩባንያ ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ ያለውን ሰው ስም እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ሥርዓት ጀመረች። መዝገቡ ማንም ሰው በነፃ የሚያየው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን አሳፋሪ ሆነ። መዝጋቢው የቀረበለትን ስም ተቀብሎ ከመጻፍ በቀር የማረጋገጥ ሥልጣን አልነበረውም። ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በ2010 ዓ.ም. መዝገቡን ሲመረምር ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ 4,000 ያህል ባለቤቶች አገኘ፤ ገና ያልተወለደም ነበረበት። በአንድ ኩባንያ ላይ ደግሞ በጣሊያንኛ የዶሮ ሌባ የሚል ስም፣ ሥራው አጭበርባሪ፣ አድራሻውም የአርባዎቹ ሌቦች ጎዳና ተብሎ ተመዝግቦ ተገኘ። ከመዝጋቢዎቹ መካከል ጣሊያንኛ የሚያውቅ አለመኖሩ አይገርምም፤ የሚገርመው የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

መዝጋቢው መረጃ የመመርመርና ውድቅ የማድረግ ሥልጣን ያገኘው በ2016 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። የኩባንያ ባለቤቶችና ዳይሬክተሮች ማንነታቸውን በመታወቂያ እንዲያረጋግጡ የሚያስገድደው ድንጋጌም ከኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በአውሮፓ ኅብረት ግን ነገሩ ወደኋላ ተመለሰ፤ ሉክሰምበርግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በኅዳር 2015 ዓ.ም. መዝገቡን ለሁሉም ሰው ክፍት ማድረግ የግል ሕይወትን ይጋፋል ብሎ ፈርዷል።

ቁጥሩ ሲባዛ

የእንግሊዙ 25 በመቶ ራሱ ቀዳዳ አለው። አራት ሰዎች እኩል 25 በመቶ ቢይዙ ከ25 በላይ የያዘ የለምና በአክሲዮን መስፈርት ማንም አይመዘገብም። ከዚህም የባሰው የኩባንያ ሰንሰለት ነው። አንድ ገዢ ኩባንያ ግማሽ አክሲዮኑ በሁለተኛ ኩባንያ፣ 20 በመቶው በሦስተኛ ኩባንያ ተይዟል እንበል። አንድ ሰው ደግሞ የሁለተኛውን 60 በመቶ፣ የሦስተኛውን ሁሉንም ይዟል። በሁለተኛው በኩል የ50 በመቶ 60 በመቶ፣ ማለትም 30 በመቶ ይደርሰዋል፤ በሦስተኛው በኩል 20 ይጨመርና 50 በመቶ ይሆናል። የገዢው ኩባንያ ግማሽ የእርሱ ሆኖ ሳለ በባለ አክሲዮኖቹ ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። ይህንንም ለማወቅ የሚቻለው የሦስቱም ዝርዝር ከተገኘ ነው። በውክልና፣ በብድር ውል ወይም በዝምድና የሚያዝ ቁጥጥር ደግሞ በቁጥርም አይገኝም።

ይህን ቀድሞ የተረዳው የአገራችን የባንክ ሕግ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 592 ማንም ሰው ከአንድ ባንክ ከ5 በመቶ በላይ አክሲዮን እንዳይዝ ሲከለክል፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የያዙት አብሮ እንዲቆጠር አድርጓል። የሰሎሞን ዘዴ በዚህ አይሠራም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 ደግሞ ባንኮችና ሌሎች የፋይናንስ ተቋማት ደንበኛው በማን ስም ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚሠራ እንዲለዩ አዘዘ።

ለይቶ ማወቅ ግን ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ድርጅቶች የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ አደረገ። በአሜሪካና በአውሮፓ እየሠሩ ላባቸውን አገራቸው ላይ ያዋሉ ብዙዎች በዚህ አዝነዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ተከፈተላቸው።

አገራችን ራሷም በየካቲት 2009 ዓ.ም. በፋትፍ ክትትል የሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ወጥታለች። ቡና አምራች ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ምርት በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚልኩ ጉዳዩ ከእነርሱ የራቀ አልነበረም፤ ክፍያው የሚመጣው በባንክ ነው፣ ባንክም ጥያቄ ይጠይቃል።

ዩኒየኖች ለባንክ መልስ ለመስጠት አይቸገሩም። የአባላት መዝገባቸው በትክክል ከተያዘ ባለቤቶቻቸው በስም፣ በቀበሌና በዕጣ ብዛት ተዘርዝረዋል። ችግሩ በሌላው ወገን ነው። ዩኒየኑ ከገዢው ጋር ውል ሲያደርግ የገዢውን የምዝገባ ወረቀት ይቀበላል፤ የባለ አክሲዮኖችን ዝርዝር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኩባንያ ዝርዝርና የፈራሚውን ውክልና የሚጠይቀው ግን ስንቱ ነው? ጠይቆ ካገኘስ በኋላ በየዓመቱ አክሲዮኑ ተላልፎ እንደሆነ የሚያጣራው? በዱቤ የሚሸጥ ዩኒየን ደግሞ በዋይትቻፕል ቆዳ ካቀረቡት ነጋዴዎች ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው የቆመው። ገዢው ቢከስር መጋዘኑ፣ መኪናውና ሂሳቡ ቀድሞ ለማን በዋስትና እንደተያዘ ካላወቀ፣ በኪሎ ተመዝኖ የገባው የአባላት ቡና ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ቡና ዋና ገበያ ከሆኑት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። አሜሪካ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባፀደቀችው ሕግ ኩባንያዎች እውነተኛ ባለቤታቸውን ለገንዘብ ሚኒስቴሩ እንዲያሳውቁ አዝዛ ነበር። መዝገቡ ለሕግ አስከባሪዎች እንጂ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የታሰበ አልነበረም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙ ኩባንያዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ተደረጉ። ስለሆነም ከአሜሪካ ገዢ ጋር የሚዋዋል ዩኒየን ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያይበት የፌዴራል መዝገብ የለውም፤ ያለው አማራጭ ራሱን ገዢውን መጠየቅና መልሱን በውሉ ውስጥ ማስጻፍ ነው።